የአእምሮ ሕሙማንና የአውቶቡስ ነጻ ጕዞ ታሪክ በእንግሊዝ አገር

የሰውን ልጅ ከሚያገኙት ደዌዎች አንዳንዱ በውጭ ይታያል፥ አንዳንዱ ግን በውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ዕውሩን በበትሩ፥ አንካሳውን በምርኵዙ የሚያውቅ ሁሉ መንገድ ይለቅለታል፤ መቀመጫውንም ይሰጠዋል። አእምሮው የታመመበት ሰው ግን እንደ ሌላው ለብሶ፥ እንደ ሌላው ቆሞ ስለሚታይ የሚለይበት ምልክት የለውም። ሕግ አውጪዎችም ሰዎች ናቸውና፥ በዓይናቸው ላዩት ደዌ ፈጥነው ሲራሩ ላላዩት ደዌ ግን ዘግይተዋል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር የሚሆነው በእንግሊዝ አገር ስለ አውቶቡስ ነጻ ጕዞ የወጣው ሕግ ታሪክ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ የሚነገረው ስለ ጥቂት ፔኒ የመሳፈሪያ ሒሳብ ነውና። ነገር ግን አንድ ሕዝብ «ከድካሙ የተነሣ ልንረዳው የሚገባን ማን ነው?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ፥ መልሱንም ቀስ በቀስ ሲፈልግ፥ በዚህች ትንሽ ነገር ውስጥ በግልጽ ይታያል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በሎንዶን ከተማ በ1247 ዓ.ም. በቅድስት ማርያም ዘቤተ ልሔም ስም አንድ ገዳም ተመሠረተ። በ1403 ዓ.ም. ቤቱ በተመረመረ ጊዜ አእምሯቸው የታወከ ስድስት ወንዶች በውስጡ ይኖሩ እንደ ነበር ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የዕብዶች መኖሪያ እየተባለ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በ1676 ዓ.ም. ሙርፊልድስ ወደሚባለው ስፍራ ተዛውሮ ቤተ መንግሥት የሚመስል ታላቅ ሕንጻ ተሠራለት። በዚያም ዘመን የከተማው ሰዎች ገንዘብ እየሰጡ ይገቡና ሕሙማኑን እንደ ትርኢት ይመለከቷቸው ነበር፤ እንደ ልብ መግባት የተከለከለው በ1770 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዚያ ጊዜ የሚጓዘው ጤነኛው ነበር፤ ታማሚው ግን በአንድ ስፍራ ታግዶ የሚመጣውን ሁሉ ይጠብቅ ነበር።

በ1845 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ እያንዳንዱ አውራጃ ለድሆች የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ቤት እንዲሠራ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። መጠለያዎቹም ብዙውን ጊዜ ከከተማ ራቅ ብለው፥ ሰፊ እርሻና ንጹሕ አየር ካለበት ስፍራ ላይ ተሠሩ። ከነዚህ አንዱ በሎንዶን ሰሜን ኮልኒ ሃች በሚባለው ስፍራ የቆመው ነው። የመሠረቱን ድንጋይ በ1849 ዓ.ም. ያኖረው የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት ሲሆን፥ ቤቱ በ1851 ዓ.ም. ተከፈተ። የሕንጻው የውስጥ መተላለፊያ ከ500 ሜትር በላይ ይረዝም ነበርና በአገሩ ውስጥ ወደር የለውም እየተባለ ይነገርለት ነበር። በዚያ መተላለፊያ ታማሚው ከመኝታው ወደ መብል ቤቱ፥ ከመብል ቤቱ ወደ ሥራ ቤቱ፥ ከዚያም ወደ ጸሎት ቤቱ ይሄዳል። ሐኪሙም፥ መድኃኒቱም፥ ጓደኞቹም በአንድ ጣራ ሥር ነበሩ። እንዲህ ያለው ሰው የመሳፈሪያ ሒሳብ አያስፈልገውም፤ ከበሩ ውጭ የሚሄድበት ስፍራ አልነበረውምና።

መጠለያዎቹ ከዓመት ወደ ዓመት እየሞሉ ሄዱ። የሰውም አሳብ ቀስ በቀስ ይለወጥ ጀመር። በ1930 ዓ.ም. የወጣው ሕግ «መጠለያ» የሚለውን ስም አስቀርቶ «የአእምሮ ሆስፒታል» አሰኘው፤ ታማሚም ያለ ዳኛ ትእዛዝ በገዛ ፈቃዱ ገብቶ እንዲታከም ፈቀደ። የከተማና የአውራጃ ሹማምንትም ሰው ከቤቱ እየተመላለሰ የሚታከምበትን ክፍል እንዲያቋቁሙ ሥልጣን ሰጣቸው። «እየተመላለሰ» የምትለው ቃል በሕጉ ውስጥ የገባችው ያን ጊዜ ነው፤ በምን እንደሚመላለስና ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ግን አልተነገረም።

በ1954 ዓ.ም. በእንግሊዝና በዌልስ የአእምሮ ሆስፒታሎች የተኙት ሕሙማን ቍጥር ወደ 150,000 ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ በዝተው አያውቁም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1952 ዓ.ም.፥ በፓሪስ ከተማ ዴሌና ዴኒከር የተባሉ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት የታወከ አእምሮን እንደሚያረጋጋ አስታውቀው ነበርና፥ መድኃኒቱ ወደ እንግሊዝም ገባ። በ1959 ዓ.ም. ታማሚን በግድ ስለ ማስተኛት የነበረው አሮጌ ሕግ ተሽሮ አዲስ ተተካ። በ1961 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትሩ ኤኖክ ፓወል በአንድ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ፥ የውሃ ማማቸውና የጢስ መውጫቸው ከሩቅ የሚታየው እነዚያ ታላላቅ ቤቶች ዘመናቸው እንዳለፈ፥ በ15 ዓመት ውስጥም የአልጋው ቍጥር በግማሽ እንዲቀነስ እንደሚሻ ተናገረ። ይህ አሳብ እርሱ እንዳሰበው በፍጥነት ባይሆንም ተፈጸመ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ የቀረው የአእምሮ ሕሙማን አልጋ ከ40,000 በታች ነበር። የኮልኒ ሃች ሆስፒታልም ፍሪየርን የሚል ስም ተሰጥቶት ከቈየ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ሕንጻውም የመኖሪያ ቤት ሆኖ ተሸጠ።

ከዚያ የወጡት ሰዎች ምን ሆኑ? ከፍሪየርንና ክሌይበሪ ከተባለው ከሁለተኛው ሆስፒታል የወጡትን ወደ 700 የሚሆኑ ለብዙ ዘመን የተኙ ሕሙማን፥ ሐኪሙ ጁልያን ሌፍና ባልደረቦቹ ለዓመታት እየተከታተሉ መረመሩ። የሚበዙት በውጭ መኖሩን ከሆስፒታሉ መርጠው ተገኙ፤ በራሳቸው ፈቃድ መውጣትና መግባትን እንደ ታላቅ ጸጋ ቈጥረውታል። ይሁን እንጂ ነጻነታቸው ከእርሱ ጋር አንድ አዲስ ሸክም ይዞ መጣ። ቀድሞ በአንድ መተላለፊያ ዳርና ዳር የነበረው ነገር ሁሉ አሁን በከተማው ተበታትኖ ነበር፤ ሐኪሙ በአንድ ሰፈር፥ መርፌ የሚወጉበት ቤት በሌላ ሰፈር፥ ቀን የሚውሉበትና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ቤት በሦስተኛው ሰፈር ሆነ።

የዚህን ሸክም ክብደት ለመረዳት አንድ መድኃኒት ብቻ ማየት ይበቃል። ክሎዛፒን የሚባለው መድኃኒት ሌላው መድኃኒት ሁሉ ላልረዳቸው ሕሙማን ታላቅ እርዳታ ነው፤ ነገር ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የደምን ነጭ ሕዋስ ስለሚያጠፋ ያለ ደም ምርመራ አይሰጥም። በእንግሊዝ የተደነገገው እንዲህ ነበር፤ ታማሚው በመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት በየሳምንቱ፥ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በየ15 ቀኑ፥ ከዚያም በኋላ በየወሩ ደሙን ያስመረምራል። ምርመራው ከቀረ መድኃኒቱ ይቆማል፤ መድኃኒቱ ከቆመም ደዌው ይመለሳል። ስለዚህ መኪና ለሌለውና ሥራ ለሌለው ታማሚ የአውቶቡሱ መንገድ የቀድሞውን የሆስፒታል መተላለፊያ ተካ። በቀድሞው መተላለፊያ ሲሄድ ግን ማንም ሒሳብ አይጠይቀውም ነበር።

ሆስፒታሎቹ በሮቻቸውን መክፈት በጀመሩበት በዚያው ዘመን፥ ስለ ነጻ ጕዞ የተነሣው ክርክር በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። የበርሚንግሃም ከተማ ማዘጋጃ ቤት አውቶቡስና ትራም የራሱ ነበርና፥ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ወንዶችና ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ሰው በማይበዛበት ሰዓት በነጻ እንዲሳፈሩ ወሰነ። አንድ ግብር ከፋይ ይህን ተቃውሞ ወደ ዳኞች ሄደ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1954 ዓ.ም. ለግብር ከፋዩ ፈረደለት። የዳኞቹ አሳብ እንዲህ የሚል ነበር፤ ማዘጋጃ ቤት የሕዝብን ገንዘብ የሚይዘው እንደ አደራ ጠባቂ ነውና፥ ሕግ ሳይፈቅድለት ከአንዱ ኪስ ወስዶ ለሌላው ስጦታ ሊያደርግ አይችልም፤ ለሽማግሌዎቹ መራራቱ መልካም ቢሆንም መራራት ሥልጣን አይሆንም።

ይህ ፍርድ በእንግሊዝ ከተሞች ሁሉ ብዙ ክርክር አስነሣ። ፓርላማውም ሳይዘገይ በሚቀጥለው በ1955 ዓ.ም. በሌሎች ከተሞችም ተጀምሮ የነበረው የነጻና የቅናሽ ጕዞ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በ1964 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ሥልጣኑን አሰፋው። በ1985 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሥራ ወደ ግል ኩባንያዎች እጅ እንዲገባ በተወሰነ ጊዜ ነገሩ አዲስ ሥርዓት ተሠራለት። በዚህም ሥርዓት ማዘጋጃ ቤት መብት ያለውን ሰው በነጻ ወይም በቅናሽ ላሳፈረው ኩባንያ ሒሳቡን ይከፍላል፤ ኩባንያውም ከዚህ የተነሣ ሊከስርም ሊያተርፍም አይገባውም።

በነዚህ ሕጎች ውስጥ መብት የተሰጣቸው እነማን ነበሩ? ሽማግሌዎች፥ ዓይነ ስውራን፥ በደዌ ወይም በአደጋ ምክንያት ለመራመድ እጅግ የሚቸገሩ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም የሚታዩ ናቸው፤ ትኬት ቈራጩ ራሱ አይቶ የሚመሰክርላቸው ናቸው። በአእምሮው ስለ ታመመው ግን የተነገረ የለም። ይህም ከክፋት የመጣ አይመስልም። ሕጉ ሲጀመር ታማሚው ገና ከሆስፒታሉ ግንብ ውስጥ ነበረ፤ በግንብ ውስጥ ያለውን ተሳፋሪ ደግሞ ማንም አላሰበውም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመጓጓዣ ሕግ ታላቅ ለውጥ አመጣ። እስከዚያ ድረስ ማዘጋጃ ቤት ቢወድ የሚሰጠው፥ ባይወድ የሚከለክለው የነበረው ነገር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቢያንስ በግማሽ ዋጋ ለመሳፈር የሚያበቃ መብት ሆነ። በ2006 ዓ.ም. መብቱ በገዛ አካባቢ በነጻ ለመሳፈር ተሻሻለ፤ በ2007 ዓ.ም. በወጣው ሕግም ከ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መጀመሪያ አንሥቶ በእንግሊዝ አገር ሁሉ በማናቸውም የአካባቢ አውቶቡስ የሚሠራ ሆነ። የ2000ው ሕግ ከሽማግሌዎች ሌላ መብት ያላቸውን ሰባት ክፍል አድርጎ ቈጠራቸው። እነርሱም ዓይነ ስውራንና በከፊል የሚያዩ፥ ጆሯቸው ፈጽሞ ወይም እጅግ የደነቈረ፥ መናገር የማይችሉ፥ ለመራመድ እጅግ የሚቸገሩ፥ ሁለት እጅ የሌላቸው ወይም በሁለት እጃቸው መሥራት የማይችሉ፥ የአእምሮ ዕድገት ጕድለት ያለባቸው፥ በመጨረሻም የመንጃ ፈቃድ ቢለምኑ ስለ ጤናቸው ምክንያት የሚከለከሉ ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ስድስተኛው ክፍል «የአእምሮ ዕድገት ጕድለት» ሲል የአእምሮ ሕመምን ማለቱ አይደለም። ያ በልጅነቱ አእምሮው ሳይዳብር የቀረው ሰው ነው፤ ይህ ግን አእምሮው ዳብሮ፥ ተምሮና ሠርቶ ከኖረ በኋላ ደዌ ያገኘው ነው። ስለዚህ ከሰባቱ ክፍሎች መካከል የአእምሮ ሕመም በስሙ የተጠራበት አንድም ስፍራ የለም።

ይሁን እንጂ ፈጽሞ አልተዘጋበትም፤ በጓሮ በኩል አንድ በር አለ። ያም በር ሰባተኛው ክፍል ነው። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ሕግና በ1999 ዓ.ም. የተከተለው ደንብ የመንጃ ፈቃድ የሚያስከለክሉትን ደዌዎች ሲቈጥሩ የሚጥል በሽታን፥ ድንገተኛ ራስን መሳትንና «ከባድ የአእምሮ መታወክ»ን አብረው ጽፈዋል። እንግዲህ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው መንጃ ፈቃድ ቢለምን የሚከለከል ከሆነ፥ በዚያው ምክንያት ለአውቶቡሱ ነጻ ጕዞ መብት አለው። ፈቃዱን በእውነት መለመን አያስፈልገውም፤ ቢለምን ኖሮ ይከለከል እንደ ነበር በሐኪም ቃል መረጋገጡ ይበቃል። በመጠጥ ወይም በሚያሰክር ዕፅ ዘወትር ራሱን በማጥፋቱ ምክንያት የሚከለከለውን ሰው ግን ሕጉ ለይቶ አስቀርቶታል።

ይህ በር ብዙ ሰዎችን አስገብቷልና ማቃለል አይገባም። ነገር ግን በሩ የተሠራው ለሌላ ነገር በመሆኑ ልኩ ከሚገባበት ሰው ጋር አልተስማማም። የመንጃ ፈቃድ ሕግ የሚጠይቀው «ይህ ሰው መኪና ቢይዝ በመንገድ ላይ ያለውን ሕዝብ ይጎዳል ወይ?» ብሎ ነው። የነጻ ጕዞ ሕግ ሊጠይቅ የሚገባው ግን «ይህ ሰው በደዌው ምክንያት ከሰው ተለይቶና ከሕክምና ርቆ እንዳይቀር መጓዣ ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ ነው። የፊተኛው ጥያቄ ሰውየውን እንደሚያስፈራ ይመለከተዋል፤ የኋለኛው ግን እንደሚረዳ ወንድም ይመለከተዋል። ሁለቱ ጥያቄዎች አንዳንድ ጊዜ አንድ መልስ ያገኛሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አያገኙም።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ዓይነት ችግር ተፈጠረ። መጀመሪያው ኀዘንና ፍርሃት ያጸናበት ሰው ነው። ከቤቱ ለመውጣት ይጨነቃል፤ ከሥራው ወጥቷል፤ ሐኪሙም ከሰው ጋር እንዲገናኝ፥ በየቀኑም እንዲወጣ ይመክረዋል። ነገር ግን መኪና ቢነዳ ሕዝብን ይጎዳል ተብሎ አይፈራምና የመንጃ ፈቃድ አይከለከልም፤ ስለዚህ በሰባተኛው በር ሊገባ አይችልም። መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው ይህ ሰው፥ መኪና መንዳት ትችላለህ ስለ ተባለ የአውቶቡሱን ሒሳብ ይከፍላል።

ሁለተኛው መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ለነጻ ጕዞው ሲል ደዌው ከባድ መሆኑን ቢያስመሰክር ፈቃዱን የማጣት አሳብ ይመጣበታል፤ ወደ ፊት ድኖ በመኪና እንጀራውን ለማግኘት ያለውንም ተስፋ አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ዛሬ የሚያስፈልገውን ለማግኘት ነገ የሚያስፈልገውን አሳልፎ እንዲሰጥ የተጠየቀ ይመስለዋል።

ሦስተኛውና የሚያሳዝነው እየዳነ ያለው ሰው ነው። የእንግሊዝ የመንጃ ፈቃድ ሐኪሞች መመሪያ፥ አእምሮው በጽኑ ታውኮ የነበረ ሰው ቢያንስ ሦስት ወር ተረጋግቶ፥ መድኃኒቱንም በሚገባ እየወሰደ ከቈየ እንደ ገና እንዲነዳ ሊፈቀድለት እንደሚችል ይናገራል። ይህ ለመንጃ ፈቃድ ነገር ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ለአውቶቡሱ መብት መለኪያ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰውየው የተረጋጋው ሳያቋርጥ ወደ ሐኪሙ በመመላለሱ ሆኖ ሳለ፥ መረጋጋቱ ራሱ የሚመላለስበትን ፈቃድ ሊያሳጣው ይችላል። ምርኵዝ ይዞ በደኅና መራመድ የጀመረውን ሰው «እንግዲህ መራመድ ችለሃልና ምርኵዝህን መልስ» እንደ ማለት ነው።

ሕጉ ይህን ጕድለት የሚሞላበት ሌላ መንገድ ለማዘጋጃ ቤቶች ትቶላቸዋል። ከታዘዘው በላይ ሊጨምሩ የሚወዱ ከራሳቸው ገንዘብ ይጨምራሉ። ለምሳሌ መብቱ በሥራ ቀን የሚጀምረው ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ አንዳንድ ከተሞች ግን ለሕሙማን ከዚያ በፊትም ይፈቅዳሉ። የሐኪም ቀጠሮ ጧት ላለበት ሰው ይህች አንድ ሰዓት ዋጋዋ ታላቅ ነው። አንዳንዶቹም ብቻውን መሄድ ለማይችለው ታማሚ አብሮት ለሚሄደው ሰው ነጻ መሳፈሪያ ይሰጣሉ።

በሎንዶንም የከተማይቱ ክፍላተ አስተዳደር ከሰባቱ ክፍል ውጭ ለሆነ ሕመምተኛ በገዛ ፈቃዳቸው የነጻ ጕዞ ካርድ የመስጠት ሥልጣን አላቸው። በዚህም ሥልጣን አንዳንዱ ለአእምሮ ሕሙማን ይሰጣል፤ ሌላው አይሰጥም ወይም በጠባብ መስፈርት ይሰጣል። በዚህ የተነሣ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ደዌ ይዟቸው፥ በአንድ ሐኪም እየታከሙ፥ በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ ቢኖሩ፥ የአስተዳደሩ ወሰን በመካከላቸው ስላለፈ ብቻ አንዱ በነጻ ሲሳፈር ሌላው ሊከፍል ይችላል። እንዲህ በፈቃድ የተሰጠው ካርድ ደግሞ ከሎንዶን ውጭ ባለው አውቶቡስ አይሠራም። ጎረቤቲቱ ስኮትላንድ ግን በ2006 ዓ.ም. ለአገሩ ሁሉ አንድ የነጻ ጕዞ ሥርዓት ስታቆም የአእምሮ ሕመምን ከነሁኔታው በስሙ ጠርታ በመዝገቡ ውስጥ አገባችው። ስለዚህ በስሙ መጥራት የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ታይቷል።

በእንግሊዝም ቢሆን ሌሎች ሕጎች ወደዚህ መንገድ ገብተዋል። በ1995 ዓ.ም. ስለ አካል ጕዳተኞች መብት የወጣው ሕግ የአእምሮ ሕመምን ከጕዳት ቈጠረው፤ ነገር ግን ሕመሙ በሐኪሞች ዘንድ በሚገባ የታወቀ መሆኑ እንዲመሰከር ከአካል ሕመም የማይጠየቀውን ማስረጃ ይጠይቅ ነበር። ይህም ልዩነት በ2005 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ተነሣ። በ2019 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መጨረሻ ደግሞ ለአካል ጕዳተኞች መኪና ማቆሚያ የሚሰጠው ሰማያዊ ምልክት በዓይን የማይታይ ሕመም ላለባቸውም እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ ከጭንቀት ጽናት የተነሣ ጕዞ ማድረግ የማይችለው ሰውም ከነዚህ ተቈጠረ። ነገሩን አስተውሎ ለተመለከተው ይህ የሚያስደንቅ ነው። በመኪና ለሚሄደው ታማሚ ደዌው በስሙ ታውቆለት ማቆሚያ ሲሰጠው፥ መኪና የሌለው ድኻ ታማሚ በአውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ገና በመንጃ ፈቃድ ደንብ ይለካል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የገንዘብ ቤት ሹማምንት የሚያቀርቡት ክርክር አለ፤ ክርክሩም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በኀዘንና በጭንቀት የሚሠቃይ ሰው ቍጥሩ እጅግ ብዙ ነው፤ ለሁሉ ነጻ ጕዞ ቢሰጥ ሒሳቡን የሚከፍለው የከተማው ግብር ከፋይ ነው፤ እርሱም ከሌሎች ድኾች የተሻለ ላይሆን ይችላል። ደግሞም ዓይነ ስውርነት በመሣሪያ ይለካል፥ መራመድ በእርምጃ ይቈጠራል፤ የልብ ጭንቀት ግን በምን ይመዘናል? የማይመዘን ነገር ላይ መብት ቢመሠረት አታላይ ይገባበታል፥ እውነተኛውም ታማሚ በአታላዩ ምክንያት ይታማል ይላሉ። የበርሚንግሃሙን ፍርድ ያስታወሰ ሰው የሕዝብ ገንዘብ አደራ መሆኑን አይክድምና ይህን ክርክር በትዕግሥት ሊሰማው ይገባል።

ነገር ግን መልስ የሌለው አይደለም። አሁን ያለው መለኪያም ቢሆን የሐኪም ምስክርነት ነው እንጂ ሌላ መሣሪያ የለውም፤ ሐኪሙ «ይህ ሰው መኪና ሊነዳ አይገባውም» ብሎ ሊመሰክር ከታመነ፥ «ይህ ሰው ለሕክምናውና ለኑሮው መጓዝ ያስፈልገዋል» ብሎ ሊመሰክርም ሊታመን ይገባል። ጭንቀት ለያዘው ሁሉ ይሰጥ የሚል የለም። የሚፈለገው ደዌው ጽኑና ረጅም ዘመን የሚቈይ ለሆነበት፥ ሳያቋርጥም እንዲታከም ለታዘዘው ሰው የሚስማማ መለኪያ እንዲሠራለት ነው። ስለ ገንዘቡም ቢሆን ሒሳቡ በሁለት በኩል መታየት አለበት። ቀጠሮውን ያቋረጠ ታማሚ ደዌው ተመልሶበት ሆስፒታል ሲተኛ፥ ያን ወጪ የሚሸፍነው እንደ ገና ያው የመንግሥት ገንዘብ ነው። የመሳፈሪያው ሒሳብ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ፥ የአልጋው ሒሳብ በሆስፒታል መዝገብ ስለሚጻፍ አንዱ መዝገብ ሌላውን አያየውም እንጂ፥ ከፋዩ አንድ ሕዝብ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የይግባኝ ዳኞች «ሕግ ሳይፈቅድ ለሽማግሌ በነጻ መስጠት አይገባም» ባሉ ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ ሕጉን ለማውጣት ከዓመት የበለጠ ጊዜ አልወሰደበትም። ሽማግሌው በየመንገዱ ይታይ ነበርና፥ እያንዳንዱ የፓርላማ አባል የገዛ እናቱንና የገዛ አባቱን በእርሱ ላይ ያይ ነበር። በዚያው ዓመት 150,000 የሚያህሉ ሰዎች በግንብ ውስጥ ተኝተው ነበር፤ እነርሱን ግን የሚያያቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግንቡ ፈርሷል፥ አልጋው ተነሥቷል፥ ረጅሙም የኮልኒ ሃች መተላለፊያ የሌሎች ሰዎች መኖሪያ ሆኗል። ሰዎቹ ወጥተው በየሰፈሩ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠዋል፤ በአውቶቡሱ ማቆሚያም ከሌላው ጋር በሰልፍ ቆመው ይገኛሉ።

መንግሥት «በሕዝብ መካከል ኑሩ» ብሎ በራቸውን ሲከፍትላቸው መልካም ሠራ። ነገር ግን ሰው በሕዝብ መካከል የሚኖረው ቤት ስለ ተሰጠው ብቻ አይደለም። ወደ ሐኪሙ፥ ወደ ገበያው፥ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ወደ ዘመዱም ቤት መሄድ ሲችል ነው። ይህን መሄድ የሚያስፈልገው ሰው፥ መንዳት የማይችል መሆኑን ሳይሆን መታመሙን ተናግሮ የሚሰማበት ቀን በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ ገና በሙሉ አልመጣም።